ኔትወርክ በሌለበት መመሪያን በስሙ መክፈት፦ በጋምቤላ ሊኑክስ ለሚጠቀሙ ሁሉ

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ሊኑክስ በተጫነበት ኮምፒውተር የሚሠራ ሰው የአንድ ትዕዛዝ አጠቃቀም ሲጠፋበት መጀመሪያ የሚያወጣው ስልኩን ነው። ዳታ ካለው መልሱን ያገኛል። ዳታው ሲያልቅ ወይም ኔትወርኩ ሲጠፋ ሥራው እዚያው ይቆማል። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በመላ ሀገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለሳምንታት በቆየ ጊዜ፣ የአዲስ አበባውም የጋምቤላውም ተማሪ እኩል ተቸግረዋል። የሚያስቆጨው ግን የፈለጉት መልስ ብዙውን ጊዜ እጃቸው ላይ ባለው ኮምፒውተር ውስጥ መኖሩ ነው። ሊኑክስ ሲጫን ብዙ ሺህ ገጽ መመሪያ አብሮ ይገባል፤ ስሙን ጠርቶ የሚከፍተው ሰው ነው የጠፋው።

በጋምቤላ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የሚማሩ ወጣቶች፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤት የአይቲ ባለሙያዎች፣ በጤና ጣቢያና በትምህርት ቤት ኮምፒውተር የተረከቡ ሠራተኞች ሁሉ ይህን ማወቅ አለባቸው ብዬ አምናለሁ። መጀመሪያ ሌሎች የጻፉትን መመሪያ በስሙ መክፈትን እናያለን፤ ቀጥሎ እናንተ ራሳችሁ በአማርኛ፣ በአኙዋክኛ ወይም በኑዌርኛ የጻፋችሁትን ገጽ በራሱ ስም የሚከፍት ትዕዛዝ እንሠራለን።

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር ልበል። ትዕዛዞቹ ኮምፒውተሩ ላይ የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ነው። እዚህ ግን በሚነበቡበት መንገድ በእኛ ፊደል አስቀምጣቸዋለሁ፤ አጻጻፋቸው የሚያሳስተውን ደግሞ ፊደል በፊደል እዘረዝራለሁ። በ«» መካከል ያለው የሚጻፈው ነው፤ ምልክቱ ራሱ አይጻፍም። ትዕዛዙን ጽፋችሁ ስትጨርሱ ኢንተርን ተጫኑ። ምሳሌዎቹ የተወሰዱት ከኡቡንቱ ሲሆን አብዛኞቹ ደቢያን ላይም ይሠራሉ።

ደረጃ 1፦ ተርሚናል ከፍቶ «ማን»ን መጥራት

ኮንትሮል፣ አልት እና ቲን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ተርሚናሉ ይከፈታል። «ማን ኤልኤስ» ብላችሁ ጻፉ (ኤም፣ ኤ፣ ኤን፤ ክፍተት፤ ኤል፣ ኤስ)። በአንድ ፎልደር ውስጥ ያሉ ፋይሎችን የሚዘረዝረው ትዕዛዝ መመሪያ ይመጣላችኋል። በስፔስ ቁልፍ ወደ ታች ትወርዳላችሁ። ስላሽ (/) ተጭናችሁ ቃል ከጻፋችሁ ቃሉን ይፈልግላችኋል፤ ኤን ስትጫኑ ቃሉ ወደሚገኝበት ቀጣይ ቦታ ይሄዳል። ለመውጣት ኪው ተጫኑ።

ይህ አሠራር ረጅም ዕድሜ አለው። ዴኒስ ሪቺ እና ኬን ቶምሰን በቤል ላብስ ሊኑክስ አርአያው ያደረገውን የዩኒክስን የመጀመሪያ መመሪያ ያወጡት እ.ኤ.አ. ኅዳር 3 ቀን 1971 ነበር። መመሪያውን በምዕራፍ ቁጥር መክፈል ያኔ ተጀምሮ አሁንም አለ፤ ዛሬ 1 የተጠቃሚ ትዕዛዞች፣ 5 የፋይል ቅርጾች፣ 8 የአስተዳዳሪ ትዕዛዞች ናቸው። አንዳንድ ስም ከአንድ በላይ ምዕራፍ ውስጥ ስለሚገኝ ቁጥሩን ማወቅ ይጠቅማል። «ማን ፓስወድ» (ፒ፣ ኤ፣ ኤስ፣ ኤስ፣ ደብሊው፣ ዲ) የይለፍ ቃል ስለሚቀይረው ትዕዛዝ ያስረዳል፤ «ማን 5 ፓስወድ» ግን የተጠቃሚዎች ዝርዝር ስለሚቀመጥበት ፋይል ነው። የላብራቶሪ ኮምፒውተሮችን የሚያስተዳድር ሰው ሁለተኛው ሳያስፈልገው አይቀርም፤ ቁጥሩን ካልጨመረ ግን የሚመጣለት የመጀመሪያው ብቻ ነው።

ኮምፒውተር የሌለው፣ አንድሮይድ ስልክ ያለው ሰውም ከዚህ አይቀርም። ተርመክስ የሚባለው መተግበሪያ ስልክ ላይ ተርሚናል ይከፍታል፤ አንድ ጊዜ ኔትወርክ ባለበት «ፒኬጂ ኢንስቶል ማን» ካሉት ከዚያ በኋላ መመሪያው ያለ ኢንተርኔት ይነበባል።

ደረጃ 2፦ ስሙ የማይታወቅ ሲሆን

በስም ለመጥራት መጀመሪያ ስሙን ማወቅ ያስፈልጋል። ሥራውን ታውቃላችሁ፣ የትዕዛዙን ስም ግን አታውቁም እንበል። «ማን -ኬ ኮፒ» ብላችሁ ጻፉ፤ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለችው ትንሿ ኬ ናት፣ «ኮፒ» ደግሞ ሲ፣ ኦ፣ ፒ፣ ዋይ ነው። በስማቸው ወይም በአንድ መስመር መግለጫቸው ውስጥ ይህ ቃል ያለባቸው መመሪያዎች ሁሉ ይዘረዘራሉ። የምትፈልጉትን ስም ከዝርዝሩ ወስዳችሁ በደረጃ 1 መንገድ ክፈቱት። ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ ማውጫው አልተሠራም ማለት ሊሆን ይችላል፤ «ሱዶ ማንዲቢ» (ኤስ፣ ዩ፣ ዲ፣ ኦ፤ ክፍተት፤ ኤም፣ ኤ፣ ኤን፣ ዲ፣ ቢ) ይሠራዋል።

ደረጃ 3፦ «ኢንፎ»፣ በሊንክ የተሳሰረው መመሪያ

«ማን» እንደ ጥቅልል ነው፤ አንድ ረጅም ገጽ ከላይ እስከ ታች ይነበባል። «ኢንፎ» ግን መመሪያውን ኖድ በሚባሉ አጫጭር ገጾች ከፋፍሎ በሊንክ ያስተሳስራቸዋል። ቴድ ኔልሰን በ1965 እ.ኤ.አ. ሃይፐርቴክስት ብሎ የሰየመው ሐሳብ ይህ ነው። ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 እ.ኤ.አ. ያወጀው የግኑ የነፃ ሶፍትዌር ፕሮጀክት መመሪያዎቹን በዚህ መልክ ማዘጋጀት የጀመረው ዛሬ የምናውቀው ድረ ገጽ ከመፈጠሩ በፊት ነው። በተርሚናል ለብቻው የሚሠራውን የኢንፎ አንባቢ የጻፈው ብራያን ፎክስ ሲሆን፣ ትዕዛዛችሁን የሚቀበለውን ባሽንም የጻፈው እሱ ነው። የግኑ መሣሪያዎች ሙሉ ማብራሪያ በኢንፎ ውስጥ ስለሚገኝ፣ የማን ገጹ አጥሮባችሁ ወይም አልገባችሁ ሲል ወደዚህ ኑ።

«ኢንፎ» (አይ፣ ኤን፣ ኤፍ፣ ኦ) ብላችሁ ሞክሩ። ትዕዛዙ የለም የሚል መልስ ከመጣ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ኢንፎ» ብላችሁ ጫኑት፤ ለዚህ ብቻ ኔትወርክ ያስፈልጋል፣ መጠኑም ትንሽ ነው። ያለ ስም ብቻውን ከጠራችሁት ኮምፒውተሩ ውስጥ ያሉትን የኢንፎ መመሪያዎች ዝርዝር ያሳያችኋል።

አሁን በስም ጥሩት፦ «ኢንፎ ኮርዩቲልስ» (ሲ፣ ኦ፣ አር፣ ኢ፣ ዩ፣ ቲ፣ አይ፣ ኤል፣ ኤስ)። ይህ በየቀኑ የምንጠቀምባቸውን ፋይል መቅጃ፣ ማዛወሪያ፣ መደርደሪያ፣ ቀን ማሳያ ትዕዛዞች በአንድ የሰበሰበ መጽሐፍ ነው። ስትዘዋወሩበት ብዙ ቁልፍ መሸምደድ አያስፈልጋችሁም። ታብ ከአንድ ሊንክ ወደ ቀጣዩ ይወስዳል፤ ኢንተር ሊንኩን ይከፍታል፤ ትንሿ ኤል ወደመጣችሁበት ገጽ ትመልሳለች። ኤን ወደ ቀጣዩ ኖድ፣ ፒ ወደ ቀደመው፣ ዩ ደግሞ ወደ ላይኛው ምዕራፍ ይወስዳሉ። ጭራሽ ከጠፋችሁ ቲ ወደ መጽሐፉ መጀመሪያ ትመልሳችኋለች። መውጫው እዚህም ኪው ነው።

ከሁሉም የምወደው ግን አይ የምትባለዋን ቁልፍ ነው። አይን ተጭናችሁ ቃል ስትጽፉ መጽሐፉን ሁሉ አታስሱም፤ ጸሐፊዎቹ ራሳቸው ባዘጋጁት ማውጫ ውስጥ ገብታችሁ ጉዳዩ በትክክል ወደተብራራበት ቦታ ትሄዳላችሁ። ቃሉ ሌላም ቦታ ካለ ኮማ (,) ወደሚቀጥለው ያሻግራችኋል። በኢንተርኔት ፍለጋ የማይገኝ ነገር ነው፤ አውቆ ያዘጋጀው ሰው አለና።

በስም መጥራቱ ከመጽሐፍም አልፎ እስከ ገጽ ይደርሳል። «ኢንፎ ኤልኤስ» ብትሉ መጽሐፉን መክፈት ሳያስፈልጋችሁ ኮርዩቲልስ ውስጥ ወዳለው የኤልኤስ ኖድ በቀጥታ ትገባላችሁ። ይህ የሚሆነው «ዲር» (ዲ፣ አይ፣ አር) የምትባል የማውጫ ፋይል እያንዳንዱ ስም የየትኛው መጽሐፍ የየትኛው ኖድ እንደሆነ ስለምትመዘግብ ነው። ፋይሏ የምትገኘው «/ዩኤስአር/ሼር/ኢንፎ» ውስጥ ነው። የኖዱን ሙሉ ስም የምታውቁ ከሆነም መጽሐፉንና ኖዱን አከታትላችሁ ጻፉ፦ «ኢንፎ ኮርዩቲልስ "ሲፒ ኢንቮኬሽን"»። በኖዱ ስም መካከል ክፍተት ስላለ የእንግሊዝኛው ጥቅስ ምልክት የግድ ነው፤ ሁለተኛው ቃል አይ፣ ኤን፣ ቪ፣ ኦ፣ ሲ፣ ኤ፣ ቲ፣ አይ፣ ኦ፣ ኤን ተብሎ ይጻፋል።

አንድ የሚያታልል ነገር አለ። ኢንፎ የጠራችሁትን መጽሐፍ ሲያጣ ዝም ብሎ የማን ገጹን ያመጣላችኋል። በገጹ ላይ «ማንፔጅስ» የሚል ቃል በኮከብ ምልክቶች መካከል ካያችሁ ዋናው መጽሐፍ አልተጫነም ማለት ነው። ለምሳሌ በኡቡንቱ የባሽ ሙሉ መመሪያ «ባሽ-ዶክ» በሚባል የተለየ ፓኬጅ ነው የሚመጣው፤ ይህን ሳይጭን «ኢንፎ ባሽ» ያለ ሰው መጽሐፉን ያነበበ እየመሰለው የሚያነበው የማን ገጹን ነው።

አንድ የኢንፎ መጽሐፍ ለጓደኛ ማቀበል ከፈለጋችሁ ለምሳሌ «ኢንፎ --ሰብኖድስ -ኦ ሴድ.ቲኤክስቲ ሴድ» ብላችሁ ጻፉ። የሴድ (ኤስ፣ ኢ፣ ዲ) መመሪያ ኖዶች ሁሉ ተከታትለው ወደ አንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ይገባሉ። ሰብኖድስ ኤስ፣ ዩ፣ ቢ፣ ኤን፣ ኦ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤስ ነው፤ ፊቱ ሁለት ሰረዝ አለ። ፋይሉ በብሉቱዝ ይላካል፣ ማንኛውም ስልክ ያነበዋል።

ደረጃ 4፦ በመስኮት ወይም በብራውዘር ማየት

ጥቁሩ ተርሚናል ላይ ማንበብ ለሚከብደው ሰው ኡቡንቱ «የልፕ» (ዋይ፣ ኢ፣ ኤል፣ ፒ) የሚባል የእገዛ መስኮት አለው። «የልፕ ማን:ኤልኤስ» የማን ገጹን፣ «የልፕ ኢንፎ:ኮርዩቲልስ» ደግሞ የኢንፎ መጽሐፉን በማውዝ ጠቅ በሚደረጉ ሊንኮች ያመጣል። መካከል ያለው ሁለት ነጥብ የእንግሊዝኛው ነው። የአማርኛ ኪቦርድ ላይ ሆናችሁ የግዕዙን ምልክት ከጻፋችሁ ትዕዛዙ አይሠራም፤ ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነውና ትዕዛዝ ከመጻፋችሁ በፊት ኪቦርዱን አረጋግጡ።

«ማን» ራሱም ገጹን ወደ ኤችቲኤምኤል ለውጦ ለብራውዘር መስጠት ይችላል። መጀመሪያ «ግሮፍ» (ጂ፣ አር፣ ኦ፣ ኤፍ፣ ኤፍ) የሚባለው ፓኬጅ ሙሉውን መጫን አለበት። ከዚያ «ማን -ኤችደብሊው3ኤም ኤልኤስ» ብላችሁ ጻፉ፤ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለችው ትልቋ ኤች ስትሆን የብራውዘሩ ስም ያለ ክፍተት ይጠጋታል። ደብሊው3ኤም በተርሚናል ውስጥ የሚሠራ ቀላል ብራውዘር ነው። ለምን በፋየርፎክስ እንደማላደርገው ላስረዳ። ከኡቡንቱ 22.04 ጀምሮ ፋየርፎክስ በስናፕ ፓኬጅ ስለሚመጣ ጊዜያዊ ፋይሎች የሚቀመጡበትን ፎልደር እንዳያይ ታጥሮበታል፤ ማን ደግሞ ገጹን የሚያስቀምጠው እዚያ ነው። ውጤቱ ፋይሉ አልተገኘም የሚል ባዶ ገጽ ነው። በደብሊው3ኤም ይህ ችግር የለም፤ ለአሮጌ ላፕቶፕም አይከብድም፣ መብራት በጠፋበት ሰዓትም ባትሪ አይጨርስም።

ደረጃ 5፦ የፕሮግራም ቋንቋዎች የራሳቸው መጥሪያ አላቸው

ፓይተን የሚማር ሰው «ፓይተን3 -ኤም ፓይዶክ -ቢ» ሲል ብራውዘሩ ተከፍቶ የተጫኑት ሞጁሎች ሁሉ መመሪያ በሊንክ ይመጣል፤ ኢንተርኔት አይነካም። ጊት የሚጠቀም «ጊት ሄልፕ -ደብሊው ኮሚት» ይበል፤ ለዚህ ግን «ጊት-ዶክ» አስቀድሞ መጫን አለበት። ረስትን በረስትአፕ የጫነ ሰው «ረስትአፕ ዶክ» ብሎ መላውን መጽሐፍ ከራሱ ዲስክ ይከፍታል።

ደረጃ 6፦ ኔትወርክ ባለበት ጊዜ መሰነቅ

የጋምቤላ ሰው ይህን ደረጃ ከማንም በተሻለ ይረዳዋል። ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር እ.ኤ.አ. ግንቦት 15 ቀን 1902 በተፈራረሙት ውል ባሮ ወንዝ ዳር ከ400 ሄክታር ያልበለጠ ቦታ ለንግድ ጣቢያ ተፈቅዶ ነበር። ከካርቱም የሚነሱት የእንፋሎት መርከቦች ግን ጋምቤላ ይደርሱ የነበረው ባሮ በሚሞላበት ክረምት ብቻ ነው፤ ነጋዴው ውሃው ሳይጎድል ዕቃውን አስገብቶ መጋዘኑን ይሞላ ነበር። የመመሪያ ፓኬጆችንም እንደዚሁ መሰብሰብ ያዋጣል። አዲስ አበባ ወይም ጅማ ስትሄዱ፣ ወይም ጥሩ ዋይፋይ ያለበት ግቢ ስትገቡ፣ አስቀድማችሁ ዝርዝራችሁን ያዙ፦ ኢንፎ፣ ባሽ-ዶክ፣ ጊት-ዶክ፣ ፓይተን3-ዶክ፣ ግሮፍ፣ ደብሊው3ኤም።

የራሳችሁን ኮምፒውተር ይዛችሁ ከሆነ በ«ሱዶ አፕት ኢንስቶል» መጫን ይበቃል። ላብራቶሪ ውስጥ ኔትወርክ የሌላቸው ኮምፒውተሮች ካሏችሁ ግን ፓኬጁን በፍላሽ መውሰድ አለባችሁ። ፍላሹን ከፍታችሁ፣ በዚያው ፎልደር ተርሚናል አስነስታችሁ፣ «አፕት-ጌት ዳውንሎድ ባሽ-ዶክ» ብትሉ ፋይሉ እዚያው ይወርዳል። ይህ ትዕዛዝ ስሙን የጠራችሁትን ፓኬጅ ብቻ ነው የሚያወርደው። ለባሽ-ዶክ ይበቃል፤ ፓይተን3-ዶክ ግን ሌሎች ፓኬጆችንም ስለሚፈልግ እነሱም በየስማቸው መውረድ አለባቸው። ምን ምን እንደሚፈልግ «አፕት-ካሽ ዲፔንድስ ፓይተን3-ዶክ» (ካሽ ሲ፣ ኤ፣ ሲ፣ ኤች፣ ኢ ነው) ይነግራችኋል።

የምታወርዱበትና የምትጭኑበት ኮምፒውተር የኡቡንቱ ዕትም አንድ መሆን አለበት። በሁለቱም ላይ «ኤልኤስቢ_ሪሊዝ -ኤ» ብላችሁ አወዳድሩ። ከዚያ ላብራቶሪው ውስጥ ፍላሹን ሰክታችሁ፣ ፎልደሩ ውስጥ ገብታችሁ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ./*.ዴብ» ስትሉ ፍላሹ ላይ ያሉት ሁሉ ይጫናሉ። ፍላሹን አታጥፉት፤ ለሚቀጥለው ኮምፒውተርና ለሚቀጥለው ትምህርት ቤት ያገለግላል።

ደረጃ 7፦ የራሳችሁን ገጽ በራሱ ስም የሚከፍት ትዕዛዝ

እስካሁን የከፈትናቸው መመሪያዎች በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። የጋምቤላ ክልል የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ በትምህርት ቤት ልጆች በአኙዋክኛ፣ በኑዌርኛና በማጃንግኛም ይማራሉ። ስለዚህ በእነዚህ ቋንቋዎች የተጻፈ፣ በስሙ ሲጠራ የሚከፈት መመሪያ በየቢሮውና በየትምህርት ቤቱ መኖር አለበት ብዬ አጥብቄ አምናለሁ። የፕሪንተሩ አጠቃቀም፣ የወርሃዊ ሪፖርት አሞላል፣ የተማሪ ውጤት አመዘጋገብ አንዱ ሠራተኛ ሲዛወር አብሮት የሚሄድ ዕውቀት ነው። ተጽፎ ቢቀመጥ ለተተኪው ይተርፋል።

መጀመሪያ የአማርኛ ኪቦርድ አዘጋጁ። በሴቲንግስ ውስጥ ኪቦርድ የሚለውን ከፍታችሁ አማርኛን ጨምሩ፤ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከስፔስ ጋር ስትጫኑ ኪቦርዱ ይቀያየራል። ፊደሎቹ ባዶ ሳጥን ሆነው ከታዩ «ፎንትስ-ሲል-አቢሲኒካ» የሚለውን ፓኬጅ ጫኑ። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከገባ ወዲህ ሊኑክስ ላይ ለፋይልና ለፎልደር ስም፣ ለትዕዛዝ ስም ጭምር ይሆናል። ይህን እንጠቀምበታለን።

በሆም ፎልደራችሁ ውስጥ «ሰነድ» የሚባል ፎልደር ክፈቱ። ስሙን በነጥብ አትጀምሩት፤ በስናፕ የመጣው ፋየርፎክስ በነጥብ የሚጀምሩ ፎልደሮችን አያይም። ከዚያ ሊብሬኦፊስ ራይተርን ከፍታችሁ ገጹን እንደማንኛውም ደብዳቤ ጻፉት። ስታስቀምጡ ሴቭ አዝ ብላችሁ የፋይሉን ዓይነት ኤችቲኤምኤል ምረጡና ስሙን ለምሳሌ «ፕሪንተር» በሉት። ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው ሊንክ ለማድረግ ቃሉን መርጣችሁ ኮንትሮልና ኬን ተጫኑ፤ በሚመጣው ሳጥን ዶክዩመንት በሚለው በኩል ሁለተኛውን ፋይል ምረጡ። የፕሪንተሩ ገጽ ስለ ቀለም አሞላል ወደሚናገረው ገጽ፣ እሱም ወደ ፕሪንተሩ የሚመልሱ ሊንኮች ይኑሯቸው። ሊብሬኦፊስ ገጹን በዩቲኤፍ-8 ስለሚያስቀምጥ አማርኛውና የኑዌርኛ ልዩ አናባቢዎች በአንድ ገጽ ላይ አብረው ይታያሉ። ጤና ጣቢያ ውስጥ «ወባ» የሚል ገጽ ማዘጋጀት የሚፈልግ ካለ ይዘቱን የጤና ባለሙያ ይጻፈው፤ የአይቲ ባለሙያው ሥራ ገጹ በስሙ እንዲከፈት ማድረግ ነው።

አሁን ትዕዛዙን እንሥራ። በሆም ፎልደራችሁ «ቢን» (ቢ፣ አይ፣ ኤን፣ በእንግሊዝኛ ፊደል) የሚል ፎልደር ክፈቱ። «ናኖ ~/ቢን/ክፈት» ብላችሁ ጻፉ፤ «ክፈት» የሚለውን በአማርኛ ፊደል ነው የምትጽፉት። በሚከፈተው ባዶ ገጽ ላይ ሁለት መስመር አስገቡ።

የመጀመሪያው መስመር፦ «#!/ቢን/ኤስኤች»

ሁለተኛው መስመር፦ «ኤክስዲጂ-ኦፕን "$ሆም/ሰነድ/$1.ኤችቲኤምኤል" || ኤልኤስ "$ሆም/ሰነድ"»

ሆም በአራት ትልልቅ ፊደላት ይጻፋል፦ ኤች፣ ኦ፣ ኤም፣ ኢ። ኤክስዲጂ-ኦፕን ደግሞ ኤክስ፣ ዲ፣ ጂ፣ ሰረዝ፣ ኦ፣ ፒ፣ ኢ፣ ኤን ነው። «ሰነድ» ብቻ በአማርኛ ፊደል ይቀመጣል። የዶላር ምልክትና 1 ከትዕዛዙ ቀጥሎ የምትጽፉትን ስም ይወክላሉ። ሁለቱ ቀጥ ያሉ መስመሮች ደግሞ የጠራችሁት ገጽ ካልተከፈተ ያሉትን ገጾች ስም እንዲዘረዝር ያዙታል፤ ስሙን የዘነጋ ሰው ዝርዝሩን አይቶ እንደገና ይጠራል።

ኮንትሮልና ኦ ተጭናችሁ ኢንተር በሉ፣ ይቀመጣል፤ በኮንትሮልና ኤክስ ውጡ። ፋይሉ እንደ ትዕዛዝ እንዲሠራ «ችሞድ +ኤክስ ~/ቢን/ክፈት» (ሲ፣ ኤች፣ ኤም፣ ኦ፣ ዲ) በሉ። አዲሱን የቢን ፎልደር ሲስተሙ እንዲያውቀው አንድ ጊዜ ሎግ አውት አድርጋችሁ ተመለሱ። ከዚያ ተርሚናል ላይ በአማርኛ «ክፈት ፕሪንተር» ብላችሁ ጻፉ። ገጹ በብራውዘር ይከፈታል። እዚህ መካከል ያለው ክፍተት ተራው ስፔስ ይሁን እንጂ ሁለት ነጥብ አይሁን።

ስም ስታወጡ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ለኮምፒውተሩ ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው፤ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ፣ አ እና ዐ እንዲሁ። «ህክምና» ብላችሁ ያስቀመጣችሁትን ገጽ ባልደረባችሁ «ሕክምና» ብሎ ቢጠራው አይከፈትለትም። መፍትሔው ለአንዱ ገጽ ሁለተኛ ስም መስጠት ነው፤ «ሰነድ» ፎልደር ውስጥ ሆናችሁ «ኤልኤን -ኤስ ህክምና.ኤችቲኤምኤል ሕክምና.ኤችቲኤምኤል» ብትሉ ሁለቱም ስሞች አንዱን ገጽ ይከፍታሉ። ይህ ሁለተኛ ስም ተራ ፍላሽ ላይ ሲገለበጥ አይሠራም፤ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ከወሰዳችሁት እዚያ እንደገና ፍጠሩት። ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ግን ቢሮው በአንድ አጻጻፍ መስማማቱና «ዝርዝር» በሚባል ገጽ ላይ ስሞቹን ሁሉ በሊንክ ማስፈሩ ነው።

ደረጃ 8፦ ለስልኮች ማካፈል

ከኮምፒውተር ይልቅ ስልክ ያለው ሰው ይበዛል። ላፕቶፑ ላይ በሴቲንግስ ዋይፋይ ውስጥ ሆትስፖት አብሩ። ተርሚናል ላይ «ሲዲ ~/ሰነድ» ብላችሁ ወደ ፎልደሩ ግቡና «ፓይተን3 -ኤም ኤችቲቲፒ.ሰርቨር» ጻፉ። ሌላ ተርሚናል ከፍታችሁ «ሆስትኔም -አይ» ስትሉ (አይዋ ትልቋ ናት) የኮምፒውተሩ አድራሻ በቁጥር ይወጣል። ተማሪዎቹ ስልካቸውን ከሆትስፖቱ ጋር አገናኝተው በብራውዘራቸው ያንን ቁጥር፣ ሁለት ነጥብና 8000 ይጻፉ። የገጾቹ ዝርዝር ይመጣላቸዋል፣ የሚፈልጉትን በስሙ ይነካሉ። አንዳንድ ስልክ ይህ ዋይፋይ ኢንተርኔት የለውም ብሎ ሊወጣ ይሞክራል፤ እንደተገናኘ ይቆይ የሚለውን ይምረጡ።

ሰርቨሩ የሚያካፍለው ሲጀመር የነበራችሁበትን ፎልደር በሙሉ ነው። ስለዚህ «ሰነድ» ውስጥ ሳትገቡ ከሆም ፎልደራችሁ አታስነሱት፤ የግል ፋይሎቻችሁን ለክፍሉ ሁሉ ትከፍታላችሁ። የሠራተኛ ወይም የታካሚ መረጃም «ሰነድ» ውስጥ ከቶ አታስቀምጡ። ትምህርቱ ሲያልቅ ኮንትሮልና ሲ ተጭናችሁ ሰርቨሩን አቁሙ፣ ሆትስፖቱንም አጥፉ።